ክሮሚየሙ ከፍሳሹ ነው ከድንጋዩ?

ከአራት ኪሎ ሳይንስ ካምፓስ የግንፍሌና የቀበና ወንዞች ሩቅ አይደሉም፤ የወንዝ ዳርቻ አፈር ለመመረቂያ ጥናት የሚያመችም ለዚህ ነው። ክሮሚየምና ኒኬል የተባሉት ብረቶች በአፈሩ ከፍ ብለው ሲገኙ ግን ወዲያው የፋብሪካ ፍሳሽን መወንጀል ስህተት ነው። አዲስ አበባ ያረፈችው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። ባዛልት ከተባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ አፈር ማንም ሳይበክለው ሁለቱንም በብዛት ይይዛል፤ ትራካይት ከተባለው ነጣ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣው ግን ጥቂት ብቻ ነው ያለው።

ስለዚህ ማነጻጸሪያው አፈር ከዚያው የድንጋይ ዓይነት የተፈጠረ፣ ጎርፍ የማይደርስበት፣ ከመንገድ የራቀ መሆን አለበት። ከዚያው ጉድጓድ ጥልቅ አፈር ወስዶ "ንጹሕ" ማለት ወንዝ ዳር አያዋጣም፤ ታችኛውም ንብርብር ወንዙ ያመጣው ደለል ሊሆን ይችላል። ጡብ፣ ፕላስቲክ ወይም የሸክላ ስብርባሪ ከወጣ ደግሞ ከሌላ ቦታ ተጭኖ የመጣ ሙሌት ነውና ለብቻው ይመዝገብ።

ናሙናው ከ0–20 ሴ.ሜ፣ ከ10–15 ነጥቦች ይወሰድና በፕላስቲክ ባልዲ ተደባልቆ፣ እየተከፈለ እየተቀነሰ 1 ኪሎ ብቻ ይያዝ። ዚንክ የተለበጠ ባልዲ ዚንክ ይጨምራል፤ የናስ ወንፊትም መዳብና ዚንክ። የ2 ሚ.ሜ ናይለን ወንፊት ይሻላል። ማድረቂያው ጥላ ይሁን፣ የመንገድ አቧራ ከሚገባበት መስኮት ራቅ ብሎ። ብርጭቆ በክሮሚክ አሲድ የሚታጠብበት ላቦራቶሪ ካጋጠማችሁ እምቢ በሉ! ክሮሚየም እየለኩ በክሮሚየም ማጠብ ሥራውን ሁሉ ያበላሻል። በ10% ናይትሪክ አሲድ ሌሊቱን ዘፍዝፉት።

ለማሟሟት 3 ግራም የላመ አፈር፣ 21 ሚ.ሊ ሃይድሮክሎሪክና 7 ሚ.ሊ ናይትሪክ አሲድ፣ 16 ሰዓት በክፍል ሙቀት፣ ከዚያ 2 ሰዓት ማፍላት፤ ሁሉም አየር መሳቢያ ስር። ተጣርቶ 100 ሚ.ሊ ይሞላል። መሣሪያው በሊትር 1 ሚሊ ግራም ካነበበ በኪሎ አፈር 33 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ ይህች ማባዣ ስትረሳ ቁጥሩ ሁሉ ይዛባል።

በየዙሩ አፈር የሌለው ባዶ ናሙና፣ ድግግሞሽና ይዘቱ የተረጋገጠ ማመሳከሪያ አፈር ይግቡ። ማመሳከሪያው ላይ ክሮሚየም ጎድሎ ከተገኘ አሲዱን ከመጠርጠር በፊት የምስክር ወረቀቱን እዩ። የተጻፈው ጠቅላላ መጠን ከሆነ መጉደሉ የሚጠበቅ ነው፤ እነዚህ አሲዶች ክሮማይትን (ክሮሚየም ያለበት ማዕድን) እና አብዛኛውን ሲሊኬት (ሲሊካ ያለበት የድንጋይ ማዕድን) አያሟሙም። የሚነጻጸረው በዚሁ አሲድ ከተለካው እሴት ጋር ብቻ ነው።