ቀትርን «12 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ስለ ዲቪ አሞላል የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ኦንላይን አወጣሁ። ፎቶው 600 በ600 ፒክሰል፣ ቅጹ ያኔ በነጻ፣ የማረጋገጫ ቁጥሩ እንዳይጠፋ። ይህን ሁሉ ከዋናው መመሪያ ላይ አይቼ ስለጻፍኩት ምንም አልተዛነፈም።

የመዝጊያውን ሰዓት ግን ሌሎች የጻፉትን አምኜ ወሰድኩ። መመሪያው የሚለው ኖቬምበር 7፣ በዋሽንግተን ሰዓት ቀትር ላይ ነበር። ቀኑን ወደ እኛ ስመልስ ተጠንቅቄአለሁ፤ 2015 ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዓመት ስለነበር እንደወትሮው ጥቅምት 28 ሳይሆን 27 ነው የሚውለው። እሱን በማጣራቴ ኮርቻለሁ። ሰዓቱ ላይ ስደርስ ሁለት ገጾች «12 ሰዓት» ብለው አየሁ፤ የቢሯችን ደንብም ሁለት ምንጭ ይበቃል ስለሚል «እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት» ብዬ አሰፈርኩ። አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ከሁለት ቀን በፊት ወደ ኋላ መልሰው ስለነበር፣ የእነሱ ቀትር ለእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው።

በማግስቱ አንድ አንባቢ ደወለ። ከሥራ ወጥቶ ኢንተርኔት ቤት ሲደርስ 12 ከሩብ ሆኗል። የእኔን ጽሑፍ ስልኩ ላይ አይቶ፣ አልፏል ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። «ወንድሜ፣ ጓደኛዬ እኮ 1 ሰዓት ላይ ሞልቶ ገባለት» አለኝ። አልጮኸብኝም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

አለቃዬ «ቁጥሯን ቀይርና ዝም በል» አለኝ። ቀየርኩ፤ ዝምም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ከስህተቱ ይልቅ ይህ ዝምታ ነው። በዓመቱ ዲቪ ሲደርስ የእኔው ዓረፍተ ነገር፣ ከነ«ምሽቱ 12 ሰዓቱ»፣ በቴሌግራም ሲዞር አየሁት። መሳሳቴን ስላልተናገርኩ የገለበጡት ሰዎች በምን ይወቁ?

ያን ጊዜ ማስተካከያውን ከነቀኑ ጽሑፉ አናት ላይ ጻፍኩ፤ ላገኘኋቸው ቻናሎችም አንድ በአንድ ላክሁ። አለቃዬ አልወደደውም። የሁለት ምንጩንም ደንብ ትቼዋለሁ፤ አንዱ ከሌላው የገለበጠ ሁለት ገጽ አንድ ምንጭ እንኳ አይሆንም። ዋናውን ሰነድ እስከ መጨረሻው አነባለሁ፤ ቀንና ሰዓት ካለበት በሁለቱም አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በ2017 መስከረም ምዝገባው ሲከፈት ለዚያ ሰው ደወልኩለት። ሞልቶ ጨርሷል። መቼ እንደሚዘጋ ከየት እንዳየ ጠየቅሁት።

«ከራሳቸው ገጽ» አለኝ።