ከመጠጥ ቤት ባንድ እስከ ዓለም መድረክ፦ ከማርክ ኖፕፍለር ጉዞ ለጊታር ልምምዴ የወሰድኩት

ይህን የልምምድ ማስታወሻ የምጽፈው በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ጊታር ለምንማር፣ ቀን በየሥራችን ውለን ማታና በበዓላት ሰሞን ተሰባስበን ለምንጫወት ጓደኞቼ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ልምምዴን ያደራጀሁት የብሪታኒያዊውን የሮክ ጊታሪስት የማርክ ኖፕፍለርን አካሄድ በቅርብ እየተከተልኩ በመሆኑ፣ ከእርሱ የሙያ ሕይወት ያገኘሁትንና በእጄ ላይ የታየውን ለውጥ አብሬ አቀርባለሁ።

ኖፕፍለር እ.ኤ.አ. በ1949 በስኮትላንድ ግላስጎ ከተማ ተወልዶ ያደገው በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኒውካስል አካባቢ ነው። በልጅነቱ የተመኘው ቀይ ፌንደር ስትራቶካስተር ጊታር ቢሆንም፣ የቤተሰቡ አቅም የፈቀደለት 50 ፓውንድ ገደማ የሚያወጣ ሆፍነር ጊታር ነበር። ጋዜጠኝነት ተምሮ በሊድስ ከተማ በዮርክሻየር ኢቪኒንግ ፖስት ጋዜጣ ጀማሪ ዘጋቢ ሆነ፤ ቀጥሎም በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ አጥንቶ በ1973 ተመረቀ። ከዚያ ወደ ለንደን ሄዶ ብሩወርስ ድሩፕ በሚባል ባንድ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ከቆየ በኋላ፣ ኤሴክስ ውስጥ በሚገኘው ላውተን ኮሌጅ እያስተማረ ካፌ ሬሰርስ ከተባለ ቡድን ጋር በመጠጥ ቤቶች ይጫወት ነበር። ከወንድሙ ከዴቪድ፣ ከቤዝ ተጫዋቹ ከጆን ኢልስሊና ከድራመሩ ከፒክ ዊዘርስ ጋር ዳየር ስትሬትስን የመሠረተው በ1977 ሲሆን፣ የባንዱ የመጀመሪያ አልበም በ1978 ሲወጣ እርሱ ወደ ሠላሳ ዓመቱ ተቃርቦ ነበር።

ብዙዎቻችን እነዚህን የቀደሙ ዓመታት የመጠበቂያ ጊዜ አድርገን እናያቸዋለን። እኔ ግን ጊታሪስቱ የተሠራው በእነርሱ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህም ዋናው ማስረጃዬ የሊድስ ቆይታው ነው። በዘጋቢነቱ ዘመን ስቲቭ ፊሊፕስ ከሚባል የብሉዝ ጊታር ተጫዋች ጋር ተዋወቀ፤ ሁለቱም ጥንድ ሆነው በትናንሽ ቤቶች ለዓመታት ተጫወቱ። ድራምም ቤዝም በሌለበት በሁለት ጊታር ብቻ ሕዝብ ፊት የሚቀመጥ ሰው ምቱን፣ ወፍራሙን ድምፅና ዜማውን ከጓደኛው ጋር ተከፋፍሎ መሸከም ግድ ይሆንበታል፤ ጓደኛው ሲወጣ እርሱ መውረድን፣ ጓደኛው ሲዘረዝር እርሱ ዝም ማለትን ይለምዳል። ዳየር ስትሬትስን ያስተዋወቀው «ሱልጣንስ ኦፍ ስዊንግ» የተሰኘው ዘፈንም የሚተርከው፣ ሰው ባልበዛበት መጠጥ ቤት ለዝና ሳይጨነቁ በፍቅር ስለሚጫወቱ ሰዎች ነው። ባንዱ በ1977 በ120 ፓውንድ ያስቀረጸውን ናሙና ቻርሊ ጊሌት በቢቢሲ ሬዲዮ ለንደን ፕሮግራሙ ላይ ካሰማው በኋላ የሸክላ ኩባንያዎች ፊታቸውን ወደ እነርሱ አዞሩ። ዕድል ነው የሚሉ አሉ፤ ሆኖም በዚያ ናሙና ላይ የተሰማው ጣት ለዓመታት የመጠጥ ቤት ምሽቶችን ያሳለፈ ጣት እንደነበረ አብሮ መነገር አለበት።

ወደ ልምምዴ ስመጣ ከሁሉ በላይ የለወጠኝ የቀኝ እጁ አጨዋወት ነው። ለንደን ሳለ አንድ ምሽት በእጁ የገባው ብቸኛ ጊታር አንገቱ ክፉኛ የተጣመመ አሮጌ ጊታር ነበር፤ እንዲያገለግል ሲባል በጣም ቀጫጭን ክር ተወጥሮበት ስለነበር በፒክ (ክር በሚመታበት ትንሽ ቁራጭ) ሲመታ አልሆን አለ፤ በጣት ሲነካ ግን መልካም ድምፅ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ በአብዛኛው የሚጫወተው በአውራ ጣት፣ በአመልካች ጣትና በመሃል ጣት ሆነ፤ የቀሩት ሁለት ጣቶች በጊታሩ አካል ላይ ተደግፈው እጁን ያጸኑታል። የተፈጥሮ ግራኝ ሆኖ ሳለ እንደ ቀኝ እጅ ተጠቃሚ መጫወቱም ለግራ እጁ ጥንካሬ ሳይጠቅመው አልቀረም።

ይህ አጨዋወት ለእኛ እንግዳ መሆን የለበትም። ክራር በግርፍ ብቻ ሳይሆን በድርደራም ይጫወታል፤ ደርዳሪው እያንዳንዱን ክር በጣቱ እየለየ ሲነካ የሚሰማው ልስላሴ የኖፕፍለር ድምፅ ውስጥ ያለው ዓይነት ልስላሴ ነው። እኔም ፒኩን አስቀምጬ፣ አውራ ጣቴን ለሦስቱ ወፋፍራም ክሮች፣ ሁለቱን ጣቶች ለቀጫጭኖቹ መድቤ፣ ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ በ60 ምት አስጀምሬ የሦስቱ ጣቶች ድምፅ እኩል እስኪሆን ድረስ ፍጥነት አልጨምርም። ውጤቱ የታየኝ በፍጥነት ሳይሆን በድምፅ መጠን ነው፤ አሁን አምፕሊፋየሩን ሳልነካ በጣቴ ጫና ብቻ ከሹክሹክታ እስከ ጩኸት መሄድ እችላለሁ።

የአካባቢያችንን አየር በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በኅዳርና በታኅሣሥ በደብረ ብርሃን ውርጭ ጣት ሳይሞቅ መጀመር ጅማትን ይጎዳል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ እጄን በሞቀ ውኃ አፍታታለሁ። የብረት ክር ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ድምፁ ከፍ ይላል፣ ሲሞቅ ይረግባል። ለሰርግ ጣርማ በርን አልፈን ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ስንወርድ ጊታሩ ቅኝቱን የሚስተው በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ ከቦርሳው ወጥቶ የቦታውን ሙቀት እስኪለምድ ቆይቶ መቃኘት ይሻላል። የአንገቱ እንጨትም በበጋው ድርቀት ስለሚንቀሳቀስ፣ ክሩ ከፍሬቱ (በአንገቱ ላይ ካለው የብረት መስመር) ላይ መንጫጫት ሲጀምር በአንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ በጥቂቱ ማስተካከል ያስፈልጋል።

በስኬል (በድምፆች ቅደም ተከተል) በኩል ያገኘሁት ነገር እጅግ አስደስቶኛል። የሮክ ሶሎ በአብዛኛው የሚቆምበት ባለ አምስት ድምፅ ማይነር ስኬል፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ እኛ ባቲ ማይነር የምንለው ቅኝት ነው፤ እነዚያኑ ድምፆች ከዶ ስንጀምራቸው ደግሞ ትዝታ ሜጀር ይሆናሉ። ስለዚህ የሮክ ሶሎ ለመማር የተቀመጠ የእኛ አገር ልጅ ጆሮው ቀድሞ የሚያውቀውን ቤት ነው የሚገባው። ጥንቃቄ የሚያሻው ክር በመጎተት፣ ማለትም ክሩን በጣት ገፍቶ ድምፁን ከፍ በማድረግ ላይ ነው። በባቲ ማይነር አንድ ሙሉ ድምፅ ጎትቶ ከሬ ሚ መድረስ ያምራል፤ በአንቺሆዬ ግን ከዶ ስንጀምር ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ በመሆናቸው ከፋ የተጎተተ ክር በግማሽ ድምፅ ካልቆመ ቅኝቱን ያፈርሳል። ይህን ለመቆጣጠር ጎትቼ የማመጣውን ድምፅ አስቀድሜ በአፌ እዘምረዋለሁ፤ ጆሮ ሲያውቀው ጣት ይከተላል።

ከቡድናችን ጋር ስጫወት ደግሞ ዘፋኙ ስንኙን በሚልበት ጊዜ ኮርዱን ብቻ ዝቅ አድርጌ እይዛለሁ፤ ስንኙ ሲያልቅ በአጭሩ እመልሳለሁ። ኖፕፍለር ራሱ ዘፋኝ በመሆኑ በስንኞቹ መካከል የሚያስገባቸው አጫጭር መልሶች እንደ ንግግር ይሰማሉ፤ አዝማሪም በማሲንቆው የሚያደርገው ይህንኑ ስለሆነ፣ የመንዝ አዝማሪዎችን ማዳመጥ ለሊድ (ዜማ ለሚመራው) ጊታር ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው።

ከዝናው በኋላ ያለው ብዙ የተወራለት ስለሆነ አላረዝመውም። በ1985 የወጣው የባንዱ አምስተኛ አልበም በዓለም ዙሪያ ከ30 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል፤ ባንዱ በ1995 ከተበተነ በኋላም በስሙ ማሳተሙን አላቋረጠም። በ2024 መጀመሪያ ከ120 በላይ ጊታሮቹና አምፕሊፋየሮቹ ለንደን ውስጥ በጨረታ ተሸጠው ከ8 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሲያስገኙ፣ ሩብ ያህሉ ለበጎ አድራጎት ውሏል። እኔን ከዚህ ሁሉ በላይ የሚነካኝ ግን ሌላ ነው። በስታዲየሞች ሲጫወት የኖረ ሰው፣ ከዚያው ከሊድሱ ከስቲቭ ፊሊፕስና ከሌሎች ጓደኞቹ ጋር ኖቲንግ ሂልቢሊስ የሚባል አነስተኛ ባንድ በ1986 አቋቁሞ በ1990 አልበም አወጣ።

በመጪዎቹ ሳምንታት ያለ ድራምና ያለ ቤዝ፣ በሁለት ጊታር ብቻ፣ አንድ የአንቺሆዬና አንድ የባቲ ዜማ በድርደራ እንሠራለን። ወፍራሙን ድምፅ በአውራ ጣት መያዝ የሚችል ሁለተኛ ጊታር ያስፈልገኛልና ከደብረ ሲናም ሆነ ከሸዋ ሮቢት የምትችሉ ብትመጡ የተለማመድኩበትን ኖታ አዘጋጅቼ እጠብቃችኋለሁ።