ለአብሮ አደጎቼ ያበደርኩት በወረቀት ነው

የአባታችን ቤት ጉለሌ ነበር። በ1967 ዓ.ም ትርፍ ቤት ሲወረስ አባታችን ያለችው ይህችው አንዲት ቤት ብቻ ስለነበረች ተረፈችለት። እሱ ካረፈ በኋላ እኔና እህቶቼ ወራሽነታችንን በፍርድ ቤት አረጋግጠን ሸጥናት። የደላላው፣ የግብሩና የስም ዝውውሩ ጣጣ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ ልለፈው። ብቻ አንድ ቀን በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ብር ሂሳቤ ውስጥ ገባ።

ሰፈር ውስጥ አብረን ያደግን አራት ነን። አንዱ መካኒክ፣ አንዱ መምህር፣ አንዱ የራሱን ሚኒባስ የሚነዳ ሹፌር። እኔ የመሥሪያ ቤት ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማንም ከማንም በልጦ አያውቅም። ወሩ ሲያልቅ ሁላችንም እኩል እንነጣለን።

የመከረኝ ሰው ሁሉ "አፍህን ዝጋ" ነው ያለኝ። አልተዋጠልኝም። ቤቱ መሸጡን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም፤ ደላላ የነካው ነገር መቼ ሚስጥር ሆኖ ያውቃል? የማይታወቀው ቁጥሩ ነው። ቁጥሩን ካልተናገርክ ሰው ራሱ ይገምትልሃል፣ ሲገምት ደግሞ አይሰስትም።

ስለዚህ ሦስቱንም ጠርቼ ነገርኳቸው። ቤቱ የተሸጠበትን ዋጋ፣ የእህቶቼን ድርሻ፣ ለግብር የሄደውን፣ ለእኔ የደረሰኝን። ከዚያ ላይ ምን ያህሉ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ እንደገባ፣ ምን ያህሉ ለቤት መግዣ እንደተያዘ፣ ምን ያህሉን ደግሞ ማበደር እንደምችል። "ከዚህ በላይ ከጠየቃችሁኝ የልጆቼን ቤት ነው የጠየቃችሁኝ" አልኳቸው። ሹፌሩ ሳቀ። "እኔ እኮ ሦስት እጥፉን ነበር ያሰብኩት" አለ።

ቀድሞ የመጣው መካኒኩ ነው። ለመለዋወጫ 300,000 ብር ፈለገ። እሺ አልኩት፣ ግን እንፈራረማለን። "እኔና አንተ?" ብሎ አፈጠጠብኝ።

እዚህ ላይ ሕጉን ነገርኩት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ካላመነ ወይም ካልማለ በቀር አይረጋገጥም። ዛሬ 500 ብር ምን እንደሚገዛ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ሕጉ ላይ ግን ቁጥሩ ያው ነው። ሲመለስም እንዲሁ ነው፣ በጽሑፍ መሆን አለበት። ይቺን ብዙ ሰው አያውቃትም። ወረቀቱ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለእሱም ነው። ነገ እኔ ብሞትና ልጆቼ "አልከፈልክም" ቢሉት በምን ይከራከራል?

ያሳመነው ግን ሕጉ አይደለም፣ እቁቡ ነው። "እቁብ ሲደርስህ ዋስ አምጣ ሲሉህ ተቀይመህ ታውቃለህ?" አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ "በል ጻፍ" አለኝ።

ጋራዡ ውስጥ ሞተሩ የወረደ ኮሮላ ኮፈን ላይ ተደግፈን ጻፍነው። ገንዘቡን በአሃዝም በፊደልም፣ የሚመለስበትን ቀን፣ ወለድ እንደሌለው፣ ሁለት ምስክር፣ ሁለት ኮፒ። አንዱ ምስክር ሹፌሩ ነበር። የእኔ ኮፒ ፊርማው አጠገብ እስካሁን የግራሶ አሻራ አለበት።

መምህሩ ግን አልሆነለትም። ለልጁ ትምህርት ብር ፈልጎ መጣና ወረቀቱን ሲያይ "እኔን ነው የምታስፈርመኝ?" ብሎ ተነሳ። ተከትዬው ወጣሁ። አነስ ያለ ብር በስጦታ ልስጥህ፣ አትመልሰውም፣ ወረቀትም የለውም አልኩት። ይህኛው ይባስ አስቆጣው። አንዱን አስፈርሜ ሌላውን "በእምነት" ባበድር ኖሮ መካኒኩ ምን ይሰማው ነበር? ስለዚህ አልተመለስኩም፣ ዛሬም ብሆን ያንኑ አደርጋለሁ። አሁን የምንገናኘው ለቅሶ ቤት ነው። ሰላምታ አለ፣ ወሬ የለም።

ከብድሩ ይልቅ ያስቸገረኝ ሂሳብ መክፈል ነው ብል ማን ያምነኛል? ድሮ ስጋ ቤት ስንሄድ ተዋጥተን ነበር የምንከፍለው። አሁን ቢሉ ሲመጣ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ። ብከፍል ባለሀብት መሆኔ ነው፣ ባልከፍል ቋጣሪ። አንድ ሰሞን ከፈልኩ፤ ሹፌሩ መቅረት ጀመረ። "ሁሌ ተጋባዥ መሆን ደበረኝ" አለኝ። አሁን ከየሰው እኩል የሚወጣ የወር መዋጮ አለን፣ የሚይዘው ሹፌሩ ነው። መዋጮው ካለቀ ሻይ ጠጥተን ወደየቤታችን።

ከዚያ ሐምሌ 2016 መጣና ብር ተንሳፈፈ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100 አለፈ። መካኒኩ በድሮው ዋጋ የገዛው መለዋወጫ መደርደሪያው ላይ እንደተቀመጠ ዋጋው ናረ። እኔ ደግሞ የሚመለስልኝ ያው 300,000 ነው። ባለቤቴ በጎን አጉረመረመች፣ እውነቷን ነው። ቀኑ ሲደርስ መካኒኩ ጨምሮ ይዞ መጣ። አልተቀበልኩትም። ወለድ የለውም ብለን ፈርመናል፤ ያልተዋዋልነውን ወለድ ሕጉም አያስከፍለውም፤ ብንዋዋልም ከ12 በመቶ አያልፍም ነበር። ወረቀቱ እሱን ካሰረ እኔንም ማሰር አለበት። ግን ከዚያ ወዲህ ከስድስት ወር ለበለጠ ጊዜ አላበድርም።

ቀጥሎ የተበደረው ሹፌሩ ነው፣ ለጎማ። በየወሩ በስልኩ ይልክልኛል፣ አንድም ቀን አሳልፎ አያውቅም። ችግሩ የክፍያ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ነው። "የብድር ክፍያ" ብለህ ጻፍ፣ ማስረጃው ለራስህ ነው ብለው አልሰማ አለኝ። ባለፈው ወር የላከው "ለጌታው የጫት" ይላል። ጫት ቅሜ አላውቅም። ባለቤቴ ደግሞ መልእክቱን አይታዋለች።