ጎረቤት ሳልቀሰቅስ ፊልም የማይበትን ክፍል እንዴት እንደሠራሁ

ቤቱ ውስጥ ሲኒማ ልሥራ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ስፒከር ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የጎረቤት ቅሬታ ነው። እኔም ጋ ደረሰ። ከግድግዳው ማዶ የሚኖሩት እናት በጨዋ ደንብ ነው የነገሩኝ፦ «ልጄ፣ ፊልሙን እይ፤ ማን ከለከለህ? ግን ይሄ ሌሊት የሚያጓራው ነገር ምንድን ነው?»

ምንም ነገር ከመግዛቴ በፊት አንድ ነገር አደረግኩ። ፍንዳታ የሞላበት ፊልም ከፈትኩ። ሪሞቱን ለወንድሜ ሰጠሁትና እሳቸው ቤት ሄጄ ተቀመጥኩ። የተዋንያኑ ንግግር ጭራሽ አይሰማም። ሙዚቃውም እምብዛም ነው። ቦምብ ሲፈነዳ ግን ቡፌው ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች እርስ በርስ እየተነካኩ ቅጭል ቅጭል አሉ። እጄን ግድግዳው ላይ ሳሳርፍ ንዝረቱ መዳፌ ላይ ይታወቃል። ወደ መግቢያው በር ስጠጋ ደግሞ ሌላ ድምፅ አለ፤ በኮሪደሩ ዞሮ የሚመጣ ቀጭን ድምፅ። እንግዲህ ጉዳዩ ሁለት ነው። አንዱ ግድግዳ የሚያናውጥ ጉምጉምታ፣ ሌላው በቀዳዳ የሚያመልጥ ድምፅ። መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። ይህን ሳያውቁ ገንዘብ ማውጣት ጨለማ ውስጥ መተኮስ ነው።

ድምፅ መከላከል ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ያ ሹል ሹል ያለው ጥቁር ስፖንጅ ነው። ካልሆነ የእንቁላል ካርቶን። ሁለቱም ለጎረቤት አይደርሱለትም። የስፖንጅ ሥራ ክፍሉ ውስጥ ያለው ድምፅ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እንዳይመላለስ ማድረግ ነው። ማሚቶ ይቀንሳል፣ ንግግር ጥርት ይላል። ነገሩ ከታወቀ ቆይቷል። ዋላስ ሳቢን የሚባለው የሃርቫርድ የፊዚክስ መምህር እ.ኤ.አ. በ1895 ማሚቶ ያስቸገረውን የዩኒቨርሲቲውን አዳራሽ እንዲያጠና ሲታዘዝ የተጠቀመው በወንበር ትራስ ነበር። ትራሱ በበዛ ቁጥር ድምፁ ቶሎ ይጠፋል። የሚጠፋው ግን አዳራሹ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ነው። ማዶ ያለው ሌላ ጉዳይ ነው። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው አፉን ስፖንጁ ላይ ገጥሞ ይተንፍስ። ትንፋሹ ማዶ ከወጣ ድምፁም ይወጣል።

ጉምጉምታው ለምን እንዲህ ግትር ሆነ? ድምፅ በክፍል ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ ስሌት የ1000 ሄርዝ ድምፅ፣ ማለትም በሰከንድ 1000 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ፣ አንድ ሞገዱ 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ድምፁ ይወፍራል። የ40 ሄርዝ ጉምጉምታ ግን 8 ሜትር ተኩል ይደርሳል። ይህን ያህል የሚረዝም ሞገድ አምስት ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ መንገዱ ላይ መኖሩንም አያውቅ። የሚያቆመው ክብደት ነው፤ ከዚያም ንዝረቱ የሚሻገርበትን ንክኪ መቁረጥ። ክብደት ብቻውን ደግሞ ውድ ነው። የግድግዳ ክብደት እጥፍ ሲሆን የሚያግደው ድምፅ በስሌት 6 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ያህል ይጨምራል። ጆሯችን «ድምፁ በግማሽ ቀነሰ» የሚለው ግን 10 ዴሲቤል ገደማ ሲወርድ ነው። በክብደት ብቻ እገፋለሁ ያለ ሰው ዕድሜውን ግንብ ሲደርብ ይኖራል።

ለመለካት ስልኬ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫንኩ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ብዙ አፖች የሚያሳዩት ዲቢኤ የተባለውን መለኪያ ነው። እሱ የሰው ጆሮ ለወፍራም ድምፅ ያለውን ድክመት ስለሚከተል 63 ሄርዝ ላይ 26 ዴሲቤል፣ 31.5 ሄርዝ ላይ ደግሞ 39 ዴሲቤል ገደማ ቀንሶ ነው የሚነግራችሁ። የጎረቤት ብርጭቆ እየተንቀጠቀጠ ስልካችሁ ሁሉ ሰላም ይላል። ወፍራሙን ድምፅ እምብዛም ወደማይቀንሰው፣ ዲቢሲ ወደሚለው ቀይሩት። የስልክ ማይክ ራሱ ወፍራም ድምፅ በደንብ ስለማይይዝ ቁጥሩን ብቻውን አትመኑት። ከሥራው በፊትና በኋላ ለማወዳደር ግን ይበቃል። ስልኩን ያው ቦታ አስቀምጡ፤ ያንኑ ትዕይንት በዚያው ቮልዩም ክፈቱ። የበርና የግድግዳ ሻጮች የሚጠሩት፣ ዕቃው ምን ያህል ድምፅ እንደሚያግድ የሚገልጽ ኤስቲሲ የሚባል ቁጥርም አለ። እሱ ከ125 ሄርዝ በታች ያለውን ጨርሶ አይቆጥርም። ለንግግር ጥሩ መመዘኛ ነው። ጉምጉምታውን ስለሚያወጣው ትልቅ ስፒከር፣ ስለ ሰብዉፈር፣ ግን ምንም አይነግራችሁም።

ሥራውን ከበሩ ጀመርኩ። ባወጣሁት ልክ ትልቁን ውጤት ያየሁትም እዚሁ ነው። የነበረው በር ውስጡ ባዶ ነው፤ በጣት ሲንኳኳ ያስታውቃል። በወፍራም ድፍን እንጨት ቀየርኩት። ክብደቱ ስለጨመረ ተጨማሪ ማጠፊያ ፈለገ። ከዚያ ማታ ክፍሉ ውስጥ ያለውን መብራት ሁሉ አብርቼ፣ ኮሪደሩን አጨልሜ ውጭ ቆምኩ። ከሥር አንድ ደማቅ መስመር፣ በማጠፊያው በኩል ደግሞ ክር የምታክል ብርሃን ትታያለች። ብርሃን የወጣበት ድምፅም ይወጣበታል። እንደ ቀላል አትዩት። ከአንድ ግድግዳ ስፋት አንድ በመቶው ብቻ ክፍት ከሆነ፣ ቀሪው ከብረትም ቢሠራ ጠቅላላው የሚያግደው ከ20 ዴሲቤል እምብዛም አያልፍም። ክፍሉን ውሃ ልትሞሉበት እንደሆነ አስቡት፤ በየት በየት ይፈስ ነበር?

በመቃኑ ዙሪያ የጎማ ማሸጊያ ለጠፍኩ። ከሥር ደግሞ በሩ ሲዘጋ ራሱ ወደ ወለል የሚወርድ ጎማ አስገጠምኩ። ጎማው መንከሱን የሚያሳየው ወረቀት ነው። አንድ ቁራጭ ወረቀት በበሩና በጎማው መሃል ይዛችሁ በሩን ዝጉና ሳቡት። እንደ ልቡ ከተንሸራተተ እዚያ ጋ አልገጠመም ማለት ነው። እኔ ጋ ከላይኛው ጥግ አንዱ በኩል ተንሸራተተ። የመዝጊያውን መቀበያ ብረት ትንሽ ወደ ውስጥ ሲያስገቡት ወረቀቱ ተቀደደ እንጂ አልወጣም። ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላ ቦታ አለ፦ በመቃኑና በግድግዳው መሃል ያለው ክፍተት። ዙሪያውን የሸፈነው ጣውላ ሲነሳ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ወጣ። እሱን ደርቆ በማይሰነጠቅ፣ እንደ ጎማ በሚለጠጥ ማሸጊያ ደፈንኩት።

ከበሩ በኋላ በኮሪደር ዞሮ ይመጣ የነበረው ድምፅ ጠፋ። ጉምጉምታው ባለበት ነው። የሚጠበቅ ነው፤ እሱ በበር አልነበረም የሚሄደው።

ግድግዳው የብሎኬት ነው። ቁም ሳጥን ተገፍቶ ሲታይ ከኋላው ልስን ያልነካው ክፍል ተገኘ። ብሎኬት ቀዳዳ የበዛበት ነገር ስለሆነ ሳይለሰን ድምፅ ያሳልፋል። መጀመሪያ እሱን አስለሰንኩ። ከዚያ ነባሩን ሳይነካ ፊቱ የሚቆም ሌላ ግድግዳ አሠራሁ። የብረት ፍሬሙ የታሰረው ወለልና ጣሪያ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም ከሥሩ የጎማ ንጣፍ አለው። ጂፕሰም ሠሪው ይህ ነገር አልተዋጠለትም። «ወንድሜ፣ ከኋላ ካልተያዘ እኮ ይወዛወዛል!» አለኝ። «ይወዛወዝ፤ ብቻውን እንዲወዛወዝ ነው የፈለግኩት» አልኩት። ሳቀ። ግን አንድ ረጅም ቪስ እንኳ ፍሬሙን አልፎ ብሎኬቱን ከነካ ንዝረቱ መንገድ አገኘ ማለት ነው። ስለዚህ በሥራው ቀን ሌላ ጉዳይ አልያዝኩም፤ ቪስ ስቆጥር ዋልኩ።

በሁለቱ መሃል ያለው ርቀት የጉዳዩ ዋና ነው። አየሩ እንደ ስፕሪንግ ስለሚሠራ አዲሱ ግድግዳ የራሱ የመወዛወዣ ድምፅ አለው። እዚያ ድምፅ አካባቢ ጭራሽ ይብሳል እንጂ አይሻልም። በካሬ 20 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ድርብ ጂፕሰም ከከባድ ግድግዳ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢርቅ ይህ የሚሆነው በስሌት 95 ሄርዝ አካባቢ ነው፤ ልክ ጉምጉምታው የሚበዛበት ቦታ። 10 ሳንቲ ሜትር ሲርቅ ወደ 42 ሄርዝ ይወርዳል። ቦታ ቆጥቤ ጂፕሰሙን በቀጭን ጣውላ ግድግዳው ላይ ልምታ የሚል ሰው ካለ፣ ለሰብዉፈር ሲባል ቢተወው ይሻለዋል። እኔ 10 ሳንቲ ሜትሩን ሰጠሁ። ክፍሉ ጠበበ፤ ምን ይደረግ።

ባዶው ውስጥ የድንጋይ ሱፍ ገባበት። ሳይታጨቅ፣ ልቅ ሆኖ። ጂፕሰሙ ሁለት ድርብ ነው። የላይኛው መገጣጠሚያ ከሥረኛው ጋር እንዳይገጥም ተዛንፎ ተመታ። በመሃላቸው የማይደርቅ፣ ንዝረትን ወደ ሙቀት የሚቀይር ማጣበቂያ ተቀባ። በዙሪያው ያሉት ጠርዞች ጎን ካሉት ግድግዳዎች ጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀው በዚያው በሚለጠጥ ማሸጊያ ተዘጉ። ሶኬት ለማስገባት አዲሱን ግድግዳ አልበሳሁም፤ ገመዱ ከላይ በፕላስቲክ መስመር ይሄዳል። ጣሪያው ወፍራም ኮንክሪት ስለሆነ አልነካሁትም።

አሁን ክፍሉ ታሸገ። የታሸገ ክፍል ውስጥ አራት ሰው፣ ፕሮጀክተርና አምፕሊፋየር ሲገቡ ፊልሙ ሳያልቅ ሙቀቱ ያስወጣል። አየር የግድ ነው፤ የአየር መንገድ ደግሞ የድምፅ መንገድ ነው። መፍትሔው መንገዱን ማርዘምና ማጣመም ነው። ከወፍራም ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ጣውላ) ውስጡ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚታጠፍ ሳጥን ተሠራ። ውስጡ በድንጋይ ሱፍ ተሸፈነ፤ ሱፉ እንዳይበን በላዩ ስስ ጨርቅ ተወጠረ። አየር ዞሮ ይወጣል፤ ድምፁ በየመታጠፊያው ይዳከማል። ስፖንጅና መሰሎቹ ለጎረቤት የሚጠቅሙት እንዲህ ያለ ቦታ ሲገቡ ነው። ቱቦው ሰፊ ይሁን። ጠባብ ከሆነ አየሩ ራሱ ያፏጫል።

እሳቸው ቤት ተመልሼ ስሰማ ብርጭቆው ዝም ብሏል። ጉምጉምታው ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ ጆሮ ሲሰጡት አለ። የቀረው በወለልና በጣሪያ ኮንክሪት ዞሮ የሚሄደው ነው። ያንን ለማቆም ክፍል ውስጥ ሌላ ሙሉ ክፍል መሥራት ይጠይቃል። እኔ ከዚያ ይልቅ ወደ ምንጩ ሄድኩ።

ሰብዉፈሩ ጥግ ላይ ነበር። ጥግ ላይ የተቀመጠ ሰብዉፈር ጉምጉምታው ይጎላል፤ በዚያ ላይ ጥጉ የጋራው ግድግዳ ነው። አነሳሁትና ወደ መቀመጫው አቀረብኩት። ቅርብ ሲሆን ለእኔ እኩል እንዲሰማ ብዙ መጮህ አያስፈልገውም። ከሥሩ ወፍራም የጎማ መቆሚያ አደረግኩለት። መቆሚያው ወለሉን በቀጥታ እንዳይመታ ይረዳል፤ በአየር ለሚሄደው ጉምጉምታ ግን ምንም አያደርግም። ሻጮች ይህን ሁለተኛውን አይናገሩም።

ክፍሉ ራሱም የሚያጎላው ድምፅ አለው። የ5 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 34 ሄርዝ አካባቢ ያገሳል፤ 343 በርዝመቱ እጥፍ፣ በ10፣ ሲካፈል ማለት ነው። አምፕሊፋየሩ ላይ ባለው ማስተካከያ ያቺን ቦታ ብቻ ዝቅ አደረግኳት። ለእኔ ድምፁ ጠራ፤ ለእሳቸውም በጣም የሚያስቸግራቸው ቀነሰ። ማታ ማታ ደግሞ የሌሊት ሞድ የሚባለውን አበራለሁ። ፍንዳታውን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርጋል። የሲኒማ አዳራሽ ልክ የጉምጉምታው ቻናል ብቻውን እስከ 115 ዴሲቤል እንዲደርስ የተቆረጠ ነው። መኖሪያ ቤት ውስጥ ይህን መመኘት ከጎረቤት ጋር መጣላትን መመኘት ነው።

ለሌሊቱ ሌላም ዘዴ አለ፤ ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው። ወንበር ሥር የሚታሰር፣ ድምፅ ሳያሰማ ወንበሩን ብቻ የሚያንቀጠቅጥ መሣሪያ። የወንበሩ እግሮች ጎማ ላይ ከቆሙ ወለል የሚደርሰው ንዝረት በጣም ይቀንሳል። ሰብዉፈሩን ዘግቼ እሱን አበራለሁ። ቦምቡ ወገቤ ላይ ይፈነዳል፤ ማዶ ማንም አያውቅም። ከእሳቸውም ጋር ሰዓት ተነጋገርን፦ «እማማ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚተኙት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ከዚያ ሰዓት በኋላ ሰብዉፈር የለም።

ያልጠበቅኩት ነገርም መጣ። ድምፅ እንዳይወጣ የተሠራ ክፍል ከውጭም አያስገባም። የመኪናውና የኮሪደሩ ጫጫታ ስለጠፋ ድሮ ከምከፍተው ቮልዩም ዝቅ አድርጌ እንኳ ንግግሩ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ግን ያኔ ልብ ያላልኩት የፕሮጀክተሩ ፋን አሁን ጎልቶ ወጣ። ቀጣዩ ሥራዬ ለእሱ ሳጥን መሥራት ነው፤ እንዳይግል ከኋላው ሰፊ የአየር መውጫ እተውለታለሁ።