ኒዮ የታለ?

ካራ ቆሬ፣ 1999 ዓ.ም. ገደማ። ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን 2፣ አንድ ረጅም አግዳሚ። ወፍጮው ሲነሳ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ሩብ ሰዓት 1 ብር ነው። ባለቤቱን ጋሼ ነበር የምንለው፤ ግድግዳው ላይ ከሰቀላት ሰዓት በቀር ማንንም አያምንም።

እዚያ ቤት የሚነግሠው ኳስ ነበር። በፊልም የምናውቀው ሰው ያለበት ጌም የመጣ ቀን ግን ወረፋው ይገለበጣል። ማትሪክስን ቪዲዮ ቤት ገብተን ሦስቴ አይተነዋል። ከዚያ በኋላ እንደ ጀግናው እንደ ኒዮ ጥይት ሊያመልጥ ወገቡን ወደኋላ ሲለምጥ ያልወደቀ ልጅ ሰፈራችን ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ "ኢንተር ዘ ማትሪክስ" የሚባል የተቀዳ ዲስክ መጣ ሲባል፣ የሁለት ቀን የዳቦ ብሬን ይዤ አንደኛ ተሰለፍኩ።

ዲስኩ ገባ። ምረጥ ብሎ ሁለት ሰው አቀረበልኝ፦ ናዮቢ እና ጎስት። ከኋላዬ አንዱ "ኒዮ የታለ?" አለ። "ቆይ፣ በኋላ ይመጣል" አልኩ። ውሸቴን ነበር። ከዚያ ፊልም ጀመረ። እውነተኛ ተዋንያን ቆመው ያወራሉ። እንግሊዝኛቸውን አንዱን ይዤ ሁለቱን እጥላለሁ። ትንሽ ሮጥኩ፣ ትንሽ ተኮስኩ፣ እንደገና ፊልም። ቀና ስል የጋሼ ሰዓት ላይ አፈጠጥኩ። ብሬ በወሬ እያለቀ ነው! ኒዮን ሳላገኘው "ጊዜ!" አለኝ። ወረፋው በአንድ ድምፅ "ቀሽም!" ሲል ፈረደ፤ እኔ ላይም ሳምንት ሙሉ ሙድ ተያዘብኝ።

ኢንተርኔት እጄ ከገባ በኋላ የፈረንጆቹን ግምገማ ፈልጌ አነበብኩ። ጌሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2003፣ ከሁለተኛው የማትሪክስ ፊልም ጋር እኩል ነው። ታሪኩን የጻፉት ራሳቸው የፊልሙ ሠሪዎች ዋቾውስኪዎች ናቸው፤ ለጌሙ ብቻ ብለውም አንድ ሰዓት ያህል ፊልም ቀርፀውለታል። ግምገማው የተደበላለቀ ነበር። ጥድፊያው ያስታውቃል፣ ብልሽቱ ብዙ ነው ተባለ። ጊዜን እያዘገዩ መደባደቡ ግን ተወደደ። ያቺን የአንድ ሰዓት ፊልም እንደ ምርቃት የቆጠሯትም አሉ።

እዚህ ላይ ነው እኔና እነሱ የምንለያየው። ገምጋሚው ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ ዲስኩ የራሱ ሆኖ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይጫወታል። ፊልሟ ለእሱ በነፃ ነች። እኔ በጋሼ ሰዓት ነበር የማያት። ለእኔ ሌብነት ነበረች።

በ"ስፓይደርማን 2" ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ2004 ከፊልሙ ጋር የወጣ፣ ትሬያርክ የሚባል የጌም ኩባንያ የሠራው ነው። ገምጋሚዎቹ ከ100 ወደ 80 ገደማ ሰጡት፤ ለፊልም ጌም ትልቅ ነጥብ ነው። ሁሉም ያደነቁት መወንጨፉን ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ጌሞች የስፓይደርማን ክር ሰማዩ ላይ ነበር የሚጣበቀው፤ ደመና ይሁን መልአክ የሚይዝለት አይታወቅም። በዚህኛው ግን ክሩ የእውነት ፎቅ ይፈልጋል። ፎቅ ከሌለ ትወርዳለህ። ያንን መወንጨፍ የቀመረው ጄሚ ፍሪስትሮም የሚባል ሰው ነው። እጁ ይባረክ። (ስፓይደርማን የያኔዋ ካራ ቆሬ ቢመጣ ኖሮ ለአየር ጤና ታክሲ ይሰለፍ ነበር። ረጅሙ ነገራችን የውሃ ታንከር ነው።)

ገምጋሚዎቹ የወቀሱት ደግሞ ድግግሞሹን ነው። ፊኛ ያመለጠው ሕፃን ያለቅሳል፣ ሄደህ ታመጣለታለህ። ሌላው ያለቅሳል። ፒዛ ታደርሳለህ፣ እንደገና ፒዛ። አሥራ አምስት ሰዓት ለተጫወተ ሰው እውነት ነው፣ ያንገሸግሻል። እኛ ግን የደረስንበትን የምታስቀምጥልን ሚሞሪ ካርድ አንድ ነበረች፣ የሰፈር ሁሉ። ትናንት የደረስኩበት ላይ ዛሬ ሌላው ሴቭ ያደርግበታል። ታሪኩ የት እንደሚደርስ እስከ ዛሬ ያየሁት በፊልሙ ብቻ ነው። ያለን ሩብ ሰዓት ነው፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ መወንጨፍና አንድ ፒዛ በልክ ይገባሉ። ፒዛ ቀምሶ የሚያውቅ አንድም ሰው በሌለበት አግዳሚ ላይ "ተገለበጠብህ፣ ቀስ!" እየተባለ ይጮህ ነበር። ፒዛውን ስታደርስ "ፉኒኩሊ ፉኒኩላ" የሚለው የጣሊያን ዜማ ያጣድፍሃል። ወፍጮው እንኳ ያንን ዜማ አያሸንፈውም።

የፊልም ጌም ለምን ብዙ ጊዜ እንደሚበላሽ ሲነሳ የሁሉም ምሳሌ አታሪ የሚባለው የድሮ የጌም ኩባንያ ያወጣው "ኢ.ቲ." ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ሃዋርድ ስኮት ዋርሾው ብቻውን፣ በአምስት ሳምንት ጨረሰው፤ ለፈረንጆቹ የገና በዓል መድረስ ነበረበት። ሳይሸጥ የተረፈው ካርትሪጅ (ጌሙ ያለበት ካሴት መሳይ ዕቃ) አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ አላሞጎርዶ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ተቀበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ቆፍረው አወጡት። ዋርሾው በኋላ የሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያ ሆኗል፤ አይገርመኝም። ባለፈው ክረምት ጌሙን ላፕቶፕ ላይ ሞከርኩት። ጉድጓድ ውስጥ ትገባለህ። ትወጣለህ። ተመልሰህ ትገባለህ። አሁን የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ፊት ለፊት ለቧንቧ ተብሎ ተቆፍሮ የተረሳ ቦይ አለ፤ ማታ መብራት ሲጠፋ ልክ እንደዚያ ነው የምንጫወተው። የጀማሪ ሥራ ነው ብዬ ግን አልሳደብም። አምስት ሳምንት ለአንድ ሰው ምን ያህል እንደሆነ፣ ሥራ ለቀነ ገደብ የሚያደርስ ሁሉ ያውቀዋል። የጄምስ ቦንዱን "ጎልደንአይ" ተመልከቱ፤ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጣ፣ ጌሙ በ1997። ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የገምጋሚዎችን ነጥብ በሚያጠቃልለው ሜታክሪቲክ ድረ ገጽ ላይ ዛሬም ከ100 96 ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ኮዬ ፈጬ እህቴ ጋር ሄጄ ነበር። ልጇ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ላፕቶፕ ላይ የድሮውን ስፓይደርማን 2 ከፈትኩለት። "አጎቴ፣ ሰውየው ፊቱ ምን ሆኖ ነው?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ፊቱ የተቀቀለ ድንች ይመስላል። ትንሽ ተወነጨፈ። ዝም አለ። እኔ ቡና ሊጠጣ ነው ሲባል ሄድኩ።

ሁለተኛው ሲቀዳ ከጓዳው ያ የጣሊያን ዜማ ጀመረ።

"ተገለበጠብህ፣ ቀስ!" ብዬ ጮህኩ። እህቴ ጀበናውን እንደያዘች ዞር ብላ አየችኝ።