"ሚካኤል ነው"

ዛሬ እማዬን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ እዚሁ ሜሪላንድ። ባለፈው ሰሞን አቦሉን ጠጥተን ሳንጨርስ እንደ አዲስ ቡና ልትቆላ ተነስታ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ሐኪሙ "ቀኑ ስንት ነው?" አላት። "ሚካኤል ነው" አለች። በስልክ የነበረችው አስተርጓሚ ሳቀች፤ እውነትም በእኛ 12 ነበር! ስህተት ብሎ እንዳይጽፍባት ተከራከርኩ።

ከዚያ የደም ምርመራ አዘዘላት። አልዛይመር፣ ያ የመርሳት በሽታ፣ በደም? ለካ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ወይ ከወገብ ፈሳሽ መቅዳት ወይ ፔት ስካን የሚባለውን ውድ ምርመራ መነሳት ነበረ። በሜይ 2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የመጀመሪያውን የደም ምርመራ ፈቀደ፤ ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ምልክት ለሚታይባቸው። ፒ-ታው 217 እና ቤታ-አሚሎይድ 1-42 የተባሉ ሁለት ፕሮቲኖችን ይለካና በምጥጥናቸው አንጎል ውስጥ ከአልዛይመር ጋር የሚያያዘው የአሚሎይድ ፕሮቲን ክምችት መኖር አለመኖሩን ይጠቁማል። ብቻውን ግን አይፈርድም፤ "አለም የለምም" የማይል ውጤትም ያጋጥማል። የቫይታሚን ቢ12 እና የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራም አብረው ታዘዙ፤ እነሱም ሲዛቡ ያስረሳሉ አሉ። (በታይሮይድ ይሁን ብዬ ስለት ልሳል ምንም አልቀረኝ።)

ነርሷ ስትቀዳ እማዬ ፊቷን እንኳ አላዞረችም።

መኪና ውስጥ ቀበቶዋን ሳስርላት ግን "ልጄ፣ ማን ታሞ ነው የመጣነው?" አለችኝ።