የቱቦ መጋጠሚያ ጥርስ፦ ነገሩ ያለው አጀማመሩ ላይ ነው

በጅማ ዙሪያ እሸት ቡና በሚታጠብበት ወቅት የውሃ ፓምፕ ቱቦ በየጊዜው ይፈታል፣ ይገጠማል። የሚገጥመውም ሰው አብዛኛውን ጊዜ እጁ ጭቃ ነክቶት፣ ከባዱን ቱቦ በአንድ እጁ ደግፎ፣ በሌላው የመጋጠሚያውን ቀለበት እያዞረ ነው። ስለዚህ ጥርስ፣ ማለትም ሁለቱን አካላት የሚያያይዘው ጠመዝማዛ መስመር፣ ሲቀረጽ ከጠበቀ በኋላ ስለሚሸከመው ኃይል ከማሰብ ይልቅ ስለ መጀመሪያው ግማሽ ዙር ማሰብ ይቀድማል ብዬ አምናለሁ።

በቶርኖ (ብረትን እያዞረ በሚቀርጽ ማሽን) የሚቆረጥ ጥርስ በተለመደው አሠራር ጫፉ ላይ ከምንም ተነስቶ ቀስ በቀስ ሙሉ ቁመቱን ይይዛል። ያ እንደ ምላጭ የሳሳ መነሻ ሲመታ ይጣመማል፤ ቀለበቱ ትንሽ ዘንበል ብሎ ከገባ ደግሞ ጥርስ በጥርስ ላይ ይሻገርና በቁልፍ ሲጠብቅ ሁለቱም ይበላሉ። መፍትሔው የሳሳውን ክፍል ቆርጦ በማስወገድ ጥርሱ ከመነሻው ሙሉ ቁመት ይዞ እንዲጀምር ማድረግ ነው፤ ብዙ የእሳት አደጋ ቱቦ መጋጠሚያዎች የሚሠሩት እንዲህ ነው። ከጥርሱ ፊት ልሙጥ አንገት ቢተው ደግሞ ቀለበቱ ጥርስ ከመንካቱ በፊት ቀጥ ብሎ ይቀመጣል።

አሸዋና ጭቃ ባለበት ቦታ ሰፊና ጫፉ ክብ የሆነ ጥርስ ከረቂቁ ይሻላል። ሁለት መነሻ ያለው፣ ማለትም ሁለት መስመሮች ጎን ለጎን የሚጠመዘዙበት ጥርስ በአንድ ዙር እጥፍ ርቀት ስለሚጓዝ ቶሎ ይገጠማል፤ ሆኖም በንዝረት የመላላት ዝንባሌው ይጨምራል።

ሌላው ችግር የመለኪያ ልዩነት ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 በሁለት ጎኖቹ መካከል የ55 ዲግሪ ማዕዘን ያለውን ጥርስ፣ አሜሪካዊው ዊልያም ሴለርስ በ1864 የ60 ዲግሪውን አቀረቡ፤ ሁለቱም ማዕዘኖች ዛሬም በቧንቧ ላይ አሉ። የግማሽ ኢንች ቧንቧ በሁለቱም ሥርዓት በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ስላለው መጀመሪያ የሚስማማ መስሎ ይገባል፣ በኋላ ግን ያፈሳል። እ.ኤ.አ. በ1904 የአሜሪካዋ ከተማ ባልቲሞር ስትቃጠልም ከሌሎች ከተሞች ለእርዳታ የመጡ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቱቧቸው ከከተማይቱ የውሃ መውጫ ጋር አልገጥም ብሏቸው ነበር።

ስለዚህ ቶርኖ ቤት መጋጠሚያ የሚያሠራ ሰው ሁለቱንም አካላት ይዞ ይሂድ፤ የጥርሱን ቅርጽ የሚፈትሸው መለኪያ ጥርሱ ላይ ሲያርፍ በመካከል ብርሃን እንዳያሳልፍ አይቶ ያረጋግጥ፤ የሳሳው መነሻም እንዲቆረጥለት አስቀድሞ ይንገር።